ባትሪውን ያወጣሁት እኔ ነኝ

ይህን ለባለቤቴ አልነገርኩም። ለመጋቢያችንም አልነገርኩም። በጸሎት ላይ እንኳ እዚህ ጉዳይ ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አልፈዋለሁ፤ ከማን እንደምደብቅ ግን ራሴም አላውቅም። አሁን ለአንተ እናገራለሁ፣ አንባቢዬ ሆይ፤ አቋርጠህ ልትጠይቀኝ ስለማትችል ትመቸኛለህ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የዕቃ ግዢ ኃላፊ ነበርኩ። ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሠፈር፣ ልጄ ዘንድ ከመጣሁ በኋላ የኢትዮጵያውያን አማኞች ኅብረታችን ለሚሰበሰብበት የኪራይ አዳራሽ የመርዛማ ጋዝ ጠቋሚ መሣሪያ እንድመርጥ አደራ ተሰጠኝ። በሠፈሩ አንድ ቤተሰብ ጂኮ የሚሉትን የከሰል ምድጃ መኝታ ቤት አስገብቶ ሲተኛ ለጥቂት ከሞት ስለተረፈ ሁሉም ፈርቶ ነበር። አደራውን እንዴት እንደተወጣሁ ብናገር ትዕቢት አይሁንብኝ። በመሃል ከተማ ያልገባሁበት ሱቅ የለም። ሻጮች የማብሰያ ጋዝ ብቻ የሚለየውን ርካሽ መሣሪያ ሲያቀርቡልኝ፣ የእኛ ጠላት ከከሰልና ከጄኔሬተር የሚወጣው ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ መሆኑን አስረድቼ መለስኩላቸው። የተመረተበትን ጊዜ አየሁ፤ የመሣሪያው አፍንጫ እንደ ሰው ያረጃልና። የመሞከሪያ ቁልፉን ተጭኜ ባለሱቁ ጆሮውን እስኪይዝ አስጮህኩት። ከመጋረጃና ከመስኮት አርቄ፣ መመሪያው ባዘዘው ከፍታ ሰቀልኩት።

ከዚያም ሪፖርት ጻፍኩ። ርእሱ «የመርዛማ ጋዝ ጠቋሚ መሣሪያ አመራረጥና ጥንቃቄ የተሞላበት አጠቃቀም» ይላል። ጥሩ ሪፖርት ነው።

ሪፖርቱን የማቀርብበት እሑድ ዝናብ ይጥል ነበር። መብራት ጠፋ፤ ዘበኛው ጄኔሬተሩ እንዳይረጥብ ብሎ ከግቢው አምጥቶ የአዳራሹ በር ሥር አስነሣው። መስኮቶቹ በሙሉ ተዘግተዋል፤ ያስዘጉትም እትዬ ብርቄ ናቸው። እትዬ ብርቄን የማያውቅ ካለ፣ ማታቱ በሚሉት የናይሮቢ ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ወንበር ሆነው «መስኮቱን ዝጋልኝ ወንድሜ፣ ንፋስ ሊገድለኝ ነው!» የሚሉት እናት ናቸው። ኬንያዊው ተሳፋሪ ንፋስ ሰው እንደሚገድል አያውቅም። እኛ ግን እናውቃለን፤ ስለዚህ እንዘጋለን።

ማንበብ ጀመርኩ። «መሣሪያው ሲጮኽ አትከራከሩት፤ ሁላችሁም ውጡ» የሚለውን አነበብኩ። «ባትሪውን ማንም፣ በምንም ምክንያት እንዳያወጣ» የሚለውንም አነበብኩ፤ ለአጽንዖት ደገምኩት። መሣሪያው ጮኸ።

አላባራም፤ ጩኸቱን ቀጠለ። ባትሪ ሲደክም አልፎ አልፎ ጢው እንደሚል፣ አደጋ ሲሆን ግን ሳያሰልስ እንደሚጮኽ ከጥቂት መስመር በፊት ያስረዳሁት እኔው ነኝ። አላወቅሁም ልበል? አውቅ ነበር። ታዲያ ምን ነካኝ? ምዕራፍ ሁለት ገና አልተጀመረም ነበር! ሰው አንዴ ከወጣ፣ በዚያ ዝናብ ተመልሶ ይሰማኛል?

«ጋሽ ታደሰ፣ ሙከራ ነው እንዴ?» አለች የእትዬ ብርቄ ልጅ መስከረም።

«ሙከራ ነው» አልኩ።

ወደ ግድግዳው ሄድኩ፤ ባትሪውን አወጣሁ፤ ኪሴ ከተትኩት። እኔ። በዚህ እጄ። ጉባኤው የሙከራውን መሳካት በጭብጨባ ተቀበለ።

ቀጠልኩ። ሰዎች ግንባራቸውን ሲይዙ አየሁ፤ በጥሞና የሚያስቡ መሰለኝ። አንዳንዶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ልባቸው የተነካ መሰለኝ። እኔንም አዞረኝ፤ የገዛ አንደበቴ ኃይል መሰለኝ። ድንገት መስከረም ጮኸች፤ «ማሚ! ማሚ ተነሺ! ኧረ አትነቃም!»

ልቤ የተመለሰው ያን ጊዜ ነው። «በሩን ክፈቱ! ሁላችሁም ውጡ!» አልኩ። ጄኔሬተሩን አስጠፋሁ፤ እትዬ ብርቄን ተሸክመን አወጣናቸው። ዝናቡ ፊታቸውን ሲመታቸው ዐይናቸውን ገለጡ፤ የመጀመሪያ ቃላቸውም «በሩን ማነው የከፈተው? ንፋስ መታኝ እኮ!» የሚል ነበር። ሰው ሁሉ እፎይ ብሎ ሳቀ። እኔ ግን «ጋዝ ነው፤ አሁኑኑ ሐኪም ይያቸው» ማለት ሲገባኝ ዝም አልኩ። ባትሪውን ሾልኬ መለስኩ። ዘበኛውንም ጄኔሬተሩን ዳግመኛ ወደ በሩ እንዳያቀርብ ተቆጣሁት፤ የቁጣዬን ግማሽ ለራሴ አላስቀረሁም።

የከፋው ግን ከዚህ በኋላ ነው። በሳምንቱ እትዬ ብርቄ ድፎ ዳቦ ይዘው ቤቴ መጡ። «ጋሽ ታደሰ፣ እርስዎ ሲናገሩ ተኝቼ ጉባኤውን በተንኩብዎ። አሳፈርኩዎ፤ ይቅር ይበሉኝ» አሉኝ።

እኔስ ምን አልኩ? «ይቅር ብያለሁ» አልኩ! ልገድላቸው ጥቂት የቀረኝን ሴት ይቅር አልኩ። ንቁ ስለመሆንም ጥቂት መከርኳቸው። ዳቦውንም በላሁ። ከዚያ ወዲህ በኅብረቱ «የጋሽ ታደሰ ሪፖርት ራስ ያሳምማል» እየተባለ ሲቀለድ ለዓመታት ዋጥኩት፤ ሪፖርቱን ነጻ ለማውጣት ራሴን መክሰስ ነበረብኛ።

ሰሞኑን መሣሪያው የአገልግሎት ዘመኑ እንዳበቃ ማሳወቅ ጀመረ። ኅብረቱም «ከጋሽ ታደሰ ሌላ ማን ይመርጥልናል?» አለ። ይህን መሸከም አልቻልኩም። እትዬ ብርቄ ቤት ሄጄ፣ በተዘጋው መስኮት ሥር ተቀምጬ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መሣሪያው እንደጮኸ፣ እያወቅሁ ባትሪውን እንዳወጣሁ፣ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሳቸው እንቅልፍ እንዳልሆነ።

«ጮኾ ነበር?» አሉኝ።

«በደንብ ጮኾ ነበር።»

«አልሰማሁም። እኔ እኮ የማስታውሰው መነጽርዎን አድርገው ርእሱን ሲያነቡ ነው።»

ከዚያም «ይቅር ብዬዎታለሁ፤ የዚያን ዕለቱን ዳቦ ግን ይመልሳሉ» አሉና ብድግ ብለው፣ ሲያደርጉት አይቼ የማላውቀውን አደረጉ፤ መስኮቱን ከፈቱ።

ስለ ባትሪው ማመካኛ የለኝም፤ ስለዝምታዬም የለኝም። በዚያ አዳራሽ የነበራችሁ ሁሉ ይቅር በሉኝ። ስለ ሪፖርቱ ግን ገና ንስሐ አልገባሁም።