የቲቸር ካርድና የአጉሊ ዓይን

ሰውየውን በስሙ የሚጠራው የለም። ባለቤቱ እንኳን ስሙን የምታነሣው ስትቆጣ ብቻ ነው። ለደንበኛውም ለጎረቤቱም አጉሊ ነው፤ አጉሊ መነጽር ማለታቸው ነው። ኮምፒውተር ይገጣጥማል፣ ይሸጣል፣ ይጠግናል። ሱቁ በአንድ ያረጀ ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ በፎቶ ኮፒ ቤትና በጥርስ ሐኪም መካከል ተሸጉጣለች። የጥርስ ሐኪሙ መሰርሰሪያ መጮኽ ሲጀምር ደንበኛ ሁሉ ያለ ምክንያት አገጩን ይይዛል።

ቅጽል ስሙን ያወጣለት አሠራሩ ነው። ሌላው ነጋዴ ግራፊክስ ካርድን፣ ያንን ስክሪኑ ላይ ምስል የሚስለውን የኮምፒውተር ክፍል፣ በካርቶኑ ላይ በተጻፈው ይሸጣል፤ አጉሊ ግን እያንዳንዱን ካርድ ሰክቶ፣ ክንዱን አጣምሮ፣ አንድ ሙሉ ሰዓት ስክሪኑን ያያል። መጀመሪያ ጥርት ያለ ሰማይ፣ ቀጥሎ ጫካ፣ ቀጥሎ ዝናብ የሚዘንብበት መንገድ ይከፍታል። ከስምንት ሚሊዮን ነጥብ አንዷ ብትሳሳት አታመልጠውም። ሰዓቱ ሲሞላ ካርዱ ላይ «ታይቷል» የምትል ትንሽ ወረቀት ይለጥፋል። ደንበኛ ከተጠራጠረ ደግሞ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብሎ ይምላል። ዋስትናው ይኸው ነበር፤ ሰውም አምኖት ይሄድ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቲቸር ከዘራቸውን እያንኳኩ ደረጃውን ወጡ። ስምንተኛ ክፍል ጂኦግራፊ ያስተማሩት ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። አጉሊ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እሳቸው ሲገቡ ግን ዛሬም ብድግ ይላል፣ እጁንም ከኪሱ ያወጣል።

«ልጄ፣ ጉልበቴ ከድቶኛል» አሉ ወንበሩ ላይ እየተደላደሉ። «ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ተራራ በጠመኔ ስስል ኖሬ አንዱንም ሳልወጣው ቀረሁ። የእህቴ ልጅ አንድ ሰፊ ስክሪን ሰጥቶኛል። አሁን ባለው ጌም ውስጥ በእግር የሚወጣ ተራራ አለ ብሎኛል። እና ካርድ ምረጥልኝ። ትልቁን።»

«ትልቁ ምን ያደርግልዎታል ቲቸር? ጌሙ ውስጥ ሰው ላይ ይተኩሳሉ እንዴ?»

«በዚህ ዕድሜዬ? ያኔ ያስተማርኳችሁ ላይ ያልተኮስኩ ዛሬ ማን ላይ እተኩሳለሁ!»

አጉሊ ሳቀ። ከዚያ እንደ ልማዱ ከሥር ከመሠረቱ አስረዳቸው። ካርድ ብቻውን አይመረጥም፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስክሪኑ ነው። የእሳቸው ፎር ኬ ስለሆነ ከተለመደው ስክሪን አራት እጥፍ ነጥብ አለው፤ ካርዱ ያን ሁሉ ነጥብ በሰከንድ ስልሳ ጊዜ ደጋግሞ መሳል አለበት። ሚሞሪው ካነሰ ተራራው እየተቆራረጠ ይመጣል። ለተኳሽ ፍጥነት ይበልጣል፤ ቀስ ብሎ ለሚሄድና ድንጋዩን ቆም ብሎ ለሚያይ ሰው ግን ሚሞሪው ነው ዋናው። ካርዱ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ ይችለዋል ወይ፣ የኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥስ ይገባል ወይ ተብሎ ይለካል፤ የዘንድሮ ካርድ እንደ ሸክላ ጡብ ነው። ቲቸር ሁሉንም በደብተር ጻፉ። ትልቁ ቀረና ከትልቁ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው፣ ባለ አሥራ ስድስት ጊጋው ተመረጠ።

ሰኞ ጠዋት ካርዱ ከአስመጪው መጣ። አጉሊ ሰካው፣ ሰማዩን ከፈተ፣ ክንዱን አጣመረ። ገና አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሦስት ጥቁር ነጥቦች በሰማዩ ላይ ሲንሳፈፉ አየ። ሚሞሪው የተበላሸ ካርድ ነጥብ ይረጫል፤ ይህን የሙያው ሰው ሁሉ ያውቃል። ካርዱን አሽጎ መለሰው። አስመጪው በስልክ፣ «እኛ ጋ ደህና ነበር፤ ግን አጉሊ ካለ አለ ነው» ብሎ ሌላ ላከለት።

ማክሰኞ ሁለተኛው ተሰካ። ነጥቦቹ በዝተው ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰ መሰለ። በዚያ ላይ ከስክሪኑ ጥግ ብልጭ የሚል ነገር መጣ፤ ጨረፍ አድርጎት ይጠፋል። ኬብሉን ለወጠ። ሶኬቱን ለወጠ። ስክሪኑን ራሱን አንሥቶ ሌላ አስቀመጠ። ብልጭታው አልሄደም። ምሳ ሊበላ ደረጃውን ሲወርድ በነጩ ግድግዳ ላይ አንዲት ጥቁር ነገር ሽው አለች፤ በእጁ እሽ አላት። እዚያ ግድግዳ ላይ ስክሪን የለም፣ ካርድም የለም። «ዝንብ ናት» አለ ድምፁን አውጥቶ፤ ለማን እንደሚናገር ግን አላወቀም። ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ።

ረቡዕ ከስክሪኑ በግራ በኩል ታችኛው ጥግ ጠቆረ። ጥላው እንደ መጋረጃ ነው፤ ጠዋት ጥጉን ብቻ ይዞ የነበረው ከሰዓት ሽቅብ ወጥቷል። አጉሊ ፈራ። ፍርሃቱ ሆዱ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ሥራ ሲይዝ ይተኛለታል፣ ሥራ ሲፈታ ይነቃበታል። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ማየት እንደሚችል ያውቅ ነበር። ሕፃን ልጅ እንኳን የሚያውቀው ፍተሻ ነው። እጁ ሁለት ጊዜ እስከ ፊቱ ተነሥቶ ሁለት ጊዜም ግንባሩን አክኮ ወረደ። ልቡ ላቀረበችለት ጥያቄ ጆሮ ዳባ ልበስ አለና ሁለተኛውንም ካርድ መለሰ። ከሌላ ፋብሪካ ሦስተኛ አዘዘ።

ሐሙስ ሦስተኛው ካርድ ሥራ ላይ እያለ ቲቸር ሊያዩ መጡ። አጉሊ ከፊታቸው ተራራውን ከፈተላቸው። በረዶ የለበሰ ጫፍ፣ ከሥሩ ጥድ፣ ከበላዩ ሰማይ። ቲቸር እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ወይ ጉድ! ድንጋዩ ላይ ያለው ሽበት ሳይቀር ይታያል!»

«ነጥቦቹንስ አዩአቸው?»

«የምን ነጥብ?»

«ሰማዩ ላይ ያሉትን ነዋ ቲቸር። ሦስተኛ ካርድ ነው፤ ሁሉም ብልሽት ናቸው።»

ቲቸር መነጽራቸውን ጠርገው ቀረቡ። «ሰማዩ ጥርት ያለ ነው ልጄ። በል በጣትህ አሳየኝ።»

አጉሊ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ። ነጥቡ ሸሸ፤ ተከተለው፤ ደግሞ ሸሸ። ጣቱ ሰማዩን አቋርጦ ከስክሪኑ ጠርዝ ወጣ፣ ግድግዳው ላይም ሄደ። ያኔ ቆመ። ቲቸር አልሳቁም።

«አንድ ዓይንህን ጨፍን» አሉ ቀስ ብለው።

«አሁን ደንበኛ ይመጣል ቲቸር፣ በኋላ...»

«ጨፍን አልኩህ!»

የስምንተኛ ክፍል ድምፃቸው ነበር። አጉሊ ግራ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። ሰማዩ ንጹሕ ሆነ። አንዲት ነጥብ የለችበትም። እንዲህ ያለ እንከን የለሽ ካርድ ሰክቶ አያውቅም፤ የመለሳቸውም ሁለቱ እንደዚሁ ነበሩ ማለት ነው። መዳፉን ወደ ቀኙ አዛወረ። የተራራው ግማሽ የለም። ጫፉ እንደ ጢስ ይወዛወዛል፤ ከሥሩ ያለው ጥድ ሁሉ ጨለማ ውስጥ ገብቷል። ወሽመጡ ተቆረጠ። ወለሉ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ።

«ቲቸር፣ ለማንም እንዳይናገሩ» አለ። «እኔ እኮ በዓይኔ ነው የምበላው። የእርስዎን ካርድ ልጨርስና በሚቀጥለው ሳምንት...»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ዛሬ ነው የምትሄደው! ለሚስትህ ደውል፤ አለዚያ እኔ እደውላለሁ።»

ባለቤቱ ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው። ስልኩን ስታነሣ ከበስተጀርባዋ የሊጥ ማቡኪያው ያጓራል። ሁሉንም ነገራት፤ ነጥቡን፣ ብልጭታውን፣ ሦስቱንም ካርድ።

«አባትህም ክሩን ነበር የሚወቅሱት» አለች። «ባለህበት ጠብቀኝ።»

አባቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ማየት ሲያቅታቸው መጀመሪያ ክሩ ቀጠነ አሉ፣ ቀጥሎ መርፌው ጠበበ አሉ፣ ቀጥሎ አምፖሉ ደከመ ብለው ሦስት ጊዜ አስቀየሩ። የሚቀየር ሲያልቅ መቀሱን በጨርቅ ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት፤ ከዚያ ወዲያ አሥራ አንድ ዓመት በር ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን ሰው በኮቴው ይለዩ ነበር። አጉሊ ይህን ታሪክ ለደንበኞቹ እያሳቀ ሲያወራ ኖሯል። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት እውነት ነው፤ እሱ ግን የሚፈራው ይህን መሆኑን እንኳን እስከዛሬ አላወቀም።

ሚስቱ ፀጉሯ ላይ ዱቄት እንዳለ መጣች። ታክሲ ውስጥ እጁን ይዛው ተቀመጠች፤ እሱ በመስኮት ያይ ነበር። የሱቅ ማስታወቂያ፣ የመብራት እንጨት፣ ቀይ ጃንጥላ የያዘች ሴት። እያንዳንዱን ለማስቀመጥ የሚፈልግ ይመስል አፍጥጦ አየው። ሚስቱ ገብቷት እጁን ጠበቅ አደረገችው።

የዓይን ሐኪሙ ወጣት ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ መብራቱን የአጉሊ ግራ ዓይን ላይ አብርቶ ረጅም ጊዜ አየ። ሰው በዝምታ ዓይኑን ሲመረምረው አጉሊ ካርድ መሆን ምን እንደሚመስል ያን ዕለት አወቀ።

«የዓይንዎ የኋላ ሽፋን ተቀድዶ እየተላጠ ነው፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት እንደሚላጠው» አለ ሐኪሙ። «ነጥብ ማየት የጀመሩት መቼ ነው?»

«ከመጀመሪያው ካር... ከሰኞ ጀምሮ።»

«ሰኞ ቢመጡ ኖሮ ቀዳዳውን በጨረር ዘግተን በዚያው ቀን ወደ ቤትዎ እንሸኝዎት ነበር።»

አጉሊ ሦስት ቀን ሙሉ የለወጣቸውን ኬብሎች አሰበ፤ ምነው እጄን በቆረጠው አለ በሆዱ።

«አሁንስ?»

«አሁን ቀዶ ጥገና ነው፤ ነገ ጠዋት። ምን ያህል እንደሚተርፍ ቃል አልገባም።» ሐኪሙ መብራቱን ወደ ቀኝ ዓይኑ አዞረ። «ይኼኛውም ስስ ነው። እዚህኛው ላይ አንዲት ነጥብ እንኳን ካዩ ነገ ብሎ ነገር የለም። በዚያው ሰዓት ይምጡ።»

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ዘጠኝ ቀን በሆዱ ተደፍቶ ተኛ፤ ትእዛዙ እንደዚያ ነው። የሚያየው የወለሉን ንጣፍና የሚስቱን እግር ብቻ ነበር። ለነጠላ ጫማዋ እንኳን ይሳሳለት ጀመር፤ እግሯ ከበሩ ሲርቅ ይፈራል፣ ሲመለስ ይረጋጋል። ወር አለፈ፣ ሁለት ወር ደገመ። ግራ ዓይኑ እጅ አየ፤ ጣቶቹን መቁጠር ግን አልቻለም። ቀጥ ያለው የበር መቃን ሁሉ መሐሉ ላይ ይጎብጥበታል። «ከዚህ በላይ ላይሄድ ይችላል» ተባለ። በየጠዋቱ ከአልጋው ሳይነሣ ግራውን ይጨፍንና በቀኙ ጣሪያውን ያጠናል። ሚስቱ «ዛሬስ?» ትለዋለች። «ንጹሕ ነው» ሲላት ነው ሁለቱም የሚነሡት።

ሱቁን በከፈተ በሦስተኛው ቀን የቲቸርን ካርድ አወጣ። «ታይቷል» የምትለዋን ወረቀት በእጁ ይዞ ብዙ ቆየና መልሶ አስቀመጣት።

«ቲቸር፣ ዛሬ እርስዎ ይዩልኝ» አለ። በሃያ ዓመት ሙያው ለማንም ብሎት አያውቅም። «አንድ ሰዓት ሙሉ። እኔ ከኋላዎ ሆኜ እጠይቃለሁ።»

«ፈተናው ተገላበጠ በለኛ!» ብለው ተቀመጡ፤ ከዘራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው ተራራውን መውጣት ጀመሩ። ሰማዩ ይቆራረጣል ወይ? አይቆራረጥም። የጥዱ ጠርዝ ይንቀጠቀጣል? አይንቀጠቀጥም። በረዶው ላይ የማይገባ ቀለም አለ? የለም፤ የእግሬ ዱካ ግን አለ፣ አየኸው? አጉሊ ከኋላቸው ቆሞ በቀኝ ዓይኑ እያየ ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሆዱ ውስጥ ያለው ፍርሃት የተኛለት መሰለው። ቲቸር ጫፉ ላይ ደርሰው ቆሙ፤ ስክሪኑን ሰማይ ሞላው።

በሰማዩ መሐል አንዲት ጥቁር ነጥብ ነበረች።

የአጉሊ እጅ ከልማድ ወደ ኬብሉ ሄደ፤ ጫፉን ነካው። ካርዱ ይሆናል፣ ሦስት ወር ካርቶን ውስጥ ነበር፣ አቧራ ይሆናል፤ ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መጣለት፤ ሁሉም ደግ ደግ ምክንያት ነበር። ቲቸር ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣ «ወይ ልጄ፣ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ሰማይ አይቼ አላውቅም» አሉ።

እጁን ከኬብሉ ላይ አነሣ።

«ቲቸር፣ ይነሡ» አለ። «ታክሲ እንያዝ።»

ዞረው ፊቱን አዩት። ከዘራቸውን አነሡ፣ ክንዱን ያዙት፣ ኮምፒውተሩን ሳያጠፉና በሩን ሳይቆልፉ ወጡ። ቲቸር ያንን ጉልበታቸውን ይዘው ደረጃውን እየሮጡ ወረዱ።