የትርንጎ ወር

«ሆዷን አላየሽም?» አሉኝ ቄስ መንገሻ፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ ፊት ለፊቴ ቆመው። ድምፃቸውን አላነሱም። ከኋላቸው ስምንት ሰው ቃሬዛ ተሸክሞ ነበር። ልጃቸው ትርንጎ ቃሬዛው ላይ፣ ነጠላው እስከ ፊቷ ተስቦ።

ይህ የሆነው ባለፈው ሰኔ ነው። አገሩ «የእግዜር ፈቃድ ነው» ብሎ አልፎታል። እኔ እንዴት እንደሆነ ስለማውቅ ማለፍ አቃተኝ። ስለዚህ እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

እኔ የላሊበላ ልጅ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ጨረስኩ፣ ውጤት አልመጣልኝም። እጄን አጣጥፌ ቤት መዋል ደግሞ አልችልበትም። ወደ ሙጃ በሚወስደው መንገድ በኩል ባለ አንድ ጤና ጣቢያ በኮንትራት መዝጋቢ ሆኜ ገባሁ። ሥራዬ ነፍሰ ጡር ሴቶችን መመዝገብ ነው።

መጀመሪያ የምመዘግበው በደብተር ነበር። የኛ አገር ሴት የወር አበባሽን መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው ስትባል ቁጥር አትናገርም። «የጥቅምት ጊዮርጊስ ማግስት» ትላለች፣ «ለኅዳር ጽዮን ሦስት ቀን ሲቀር» ትላለች። እኔም እንዳለችው እጽፍና ቆይቼ ወደ ቁጥር እመልሰዋለሁ። ጊዮርጊስ ሃያ ሦስት፣ ማግስቱ ሃያ አራት። ይሄን ማንም ያውቀዋል።

በኋላ ታብሌት መጣ። ግማሽ ቀን አሠለጠኑን። ቀን የሚጻፍበት ቦታ ሦስት ሣጥን አለው፦ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። የወር ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ። በማን አቆጣጠር እንደሆነም አይናገርም። የኛን ዓመተ ምሕረት ባስገባ ሣጥኑ ቀይ ሆነ። ለምን እንደቀላ የሚል አንድ ቃል የለም። ነካካሁት። ዓመቱ ላይ ስምንት ብደምርለት አረንጓዴ ምልክት አወጣ። ገባኝ አልኩ፤ ለካ የፈለገው የፈረንጅ ዓመት ነው። ቀኑንና ወሩን እንዳለ ተውኩት። አንዳንዷን ሴት እንደዚያም ሆኖ ቀይ እያደረገ አልቀበል አለኝ። «ኔትወርክ ነው» ብዬ ለሌላ ቀን አቆየኋት።

ኃላፊያችን «ከእንግዲህ ደብተር የለም» አለ። ልማድ ሆኖብኝ ደብተሩን ከቦርሳዬ አላወጣሁትም።

ትርንጎን የመዘገብኳት መጋቢት ላይ ነው። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነበር። ባሏ ለቀን ሥራ ቆላ ስለወረደ ከገደሉ ማዶ አባቷ ቤት ተቀምጣለች። መቼ ነው ስላት፣ «የመስከረም ሚካኤል ማግስት» አለችኝ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ታብሌቱ ላይ ቀን አሥራ ሦስት፣ ወር አንድ አልኩ። አረንጓዴ።

ሰኔ ሚካኤል ዕለት አምቡላንሱ ሌላ ምጥ የያዛት ሴት ወደ ሆስፒታል ወስዶ፣ አዋላጇም አብራ ሄዳ ነበር። የቀረነው እኔና ዘበኛው ነን። ረፋድ ላይ ትርንጎና አባቷ መጡ። ገደሉን ወርደው፣ ወንዙን ተሻግረው፣ ሦስት ሰዓት በእግር። ትርንጎ ወገቧን በሁለት እጇ ደግፋ በሩ ሥር ተቀመጠች።

«ማቆያው ትግባልኝ» አሉ ቄስ መንገሻ። ማቆያ የምንለው ከሩቅ የሚመጡ እናቶች ወራቸው ሲገባ ቀናቸውን የሚጠብቁበትን ክፍል ነው። «በኔ ቁጥር ሳምንት ቢቀራት ነው።»

ታብሌቱን ከፈትኩ። ማቆያ ከሚገቡት ዝርዝር ውስጥ ስሟ የለም። ለብቻ ፈልጌ አወጣሁት። «አሥራ ሰባት ሳምንት ይቀራል» ይላል። «ተቀበል» የሚለው ቁልፍ ደብዝዟል። ሦስቴ ነካሁት፣ አይሰማም።

«አባ፣ ገና አራት ወር ይቀራታል» አልኳቸው።

ትርንጎ ሆዷን አቅፋ ሳቀች። «ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ቅል ነው የተሸከምኩት?»

ቄስ መንገሻ መቋሚያቸውን ትከሻቸው ላይ አስደግፈው ግራ እጃቸውን ዘረጉ። በአውራ ጣታቸው የጣቶቻቸውን አንጓ እየነኩ ቆጠሩ። «ከመስከረም አሥራ ሦስት ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን። ሰኔ አሥራ ስምንት። ልጄ፣ እኔ ባሕረ ሐሳብ የተማርኩ ሰው ነኝ። በዓልና ጾም ስቆጥር ነው ያረጀሁት፤ ይሄ አይጠፋኝም።»

«አባ፣ ይሄ እኮ በጣት አይደለም የሚቆጥረው» አልኩ። ዘበኛው እንዲስቅልኝ ብዬ ነው። ሳቀ።

ቄስ መንገሻ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ መለሱ። «እንግዲህ የተማርሽው አንቺ ነሽ» አሉ።

አራት አልጋ ነው ያለን። ያን ቀን ሁለቱ ባዶ ነበሩ። አታስገቢ ያለኝ ማንም የለም። ቁልፉ ስለደበዘዘ ብቻ ባዶ አልጋ አጠገብ ቆሜ «ጥቅምት ላይ ተመለሱ» አልኳቸው። ትርንጎ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። «ደግ ነው፣ እሸት እየበላሁ እወልዳለኋ» አለችና ከአባቷ ኋላ ቁልቁለቱን ጀመረች።

በአምስተኛው ቀን ቃሬዛው መጣ። ምጡ ሌሊት ጀምሯት ኖሯል። ሲነጋ ይዘዋት ቢወጡ ወንዙ ሞልቶ አገኙት። እስኪጎድል ዳር ላይ ተቀመጡ። ደሟ አልቆም ብሎ፣ ከተሻገሩ በኋላ ዳገቱ ላይ ነፍሷ ወጣች። ልጁም ከሆዷ አልወጣም። ሰዎቹ ግን ቃሬዛውን መሬት ማስነካት እምቢ ብለው እስከ በራችን አመጧት። አዋላጇ ነጠላውን ገልጣ መልሳ ሸፈነቻት። ቄስ መንገሻ ሆዷን አላየሽም ወይ ያሉኝ ያን ጊዜ ነው።

አይቼዋለሁ። ታብሌቱን አመንኩ።

ሰው ሲበተን መዝገቧን ከፈትኩ። ቀን አሥራ ሦስት፣ ወር አንድ። ግድግዳው ላይ የኛም የፈረንጅም ቀን ያለበት ካላንደር ተሰቅሏል። የነሱ አንደኛ ወር የሚገባው በኛ ታኅሣሥ ማለቂያ ላይ ነው። ይሄን ሰባተኛ ክፍል ተምሬዋለሁ። ትርንጎን የጥር ሴት አድርጌያታለሁ። «ኔትወርክ ነው» ብዬ ያቆየኋቸውም ቀናቸው በፈረንጅ ገና ያልደረሰ ስለሆነ ነበር የቀላብኝ። እሷን ብቻም አይደለም፤ በዚያው መንገድ ያስገባኋቸው ሃያ ሦስት ሴቶች አሉ፣ ሁሉም አራት አራት ወር ተገፍተዋል።

ላስተካክል ብል ታብሌቱ አይፈቅድም። ወር ያለፈው መዝገብ ተቆልፏል። ያሠለጠነን ባለሙያ ጋ ደወልኩ።

«ሲስተሙ ልክ ነው» አለኝ። «የተጠቃሚ ስሕተት ነው።»

«ሲቀላ ለምን ምክንያቱን አይናገርም?»

«ማንዋሉ ላይ አለ።»

«ማንዋሉ በእንግሊዝኛ ነው።»

«አሥራ ሁለተኛ ጨርሻለሁ ስትዪ አልነበር እንዴ?» አለ። ቀጥሎ ለወረዳው በደብዳቤ እንድጠይቅ፣ እስከዚያው ነገሩን እንዳላወራ ነገረኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

በሰልስቱ ዕለት ደብተሬን ይዤ ገደሉን ወረድኩ። ድንኳኑ ሰው ሞልቶታል። ቄስ መንገሻ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

«አባ፣ የርስዎ ቁጥር ልክ ነበር። ወሩን የሳትኩት እኔ ነኝ።»

ለቅሶው ቆመ። አንዲት ሴት ከኋላዬ «ምን ቀርቷት መጣች? አውጡልን እቺን» አለች። ሌላዋ «ልትታይ ነዋ» አለች። ቄስ መንገሻ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸው።

«እንዴት ሳትሽው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ሣጥኖቹን፣ ቀዩን፣ አረንጓዴውን፣ የደበዘዘውን ቁልፍ። አንድም ሳላስቀር።

«ሲቀላብሽ ምነው አልጠየቅሽ?»

«መጠየቂያ የለውም፣ አባ።»

«እኔስ? እፊትሽ ቆሜ ስቆጥር?»

«አልጠየቅኩም።»

አቀረቀሩ። እኔም አልተነሣሁም፤ የመጣሁት ለዚህ ብቻ አልነበረም። ደብተሩን አወጣሁ።

«አባ፣ ሌሎችም አሉ። ሁሉም እንደነገሩኝ እዚህ ተጽፏል። አሁን የራሴን ቁጥር አላምነውም።»

«እንዲህ ያለ ድፍረት» አለች ያችው ሴትዮ። ቄስ መንገሻ ግራ እጃቸውን አዩት። ከዚያ ጭናቸው ላይ ዘረጉት።

«አንብቢ» አሉ።

አነበብኩ። የጥቅምት አቦ። የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ። እሳቸው አንጓውን እየነኩ ይቆጥራሉ፣ ቀኑን ይናገራሉ፣ እኔ ከስሟ ጎን እጽፋለሁ። ሲሳሳቱ ከመጀመሪያው አንጓ ይጀምራሉ።

ስድስተኛዋ ላይ ደረስኩ። «ማሪቱ። የመስቀል ዕለት።»

አውራ ጣታቸው ሄዶ ሄዶ አንድ አንጓ ላይ ቆመ። «ሰኔ ሃያ ሁለት» አሉ። «ዛሬ ሃያ ነው። የት ነው ያለችው?»

«ከወንዙ ወዲያ፣ ከኛ ጤና ጣቢያ በላይ ካለው መንደር።»

የድንኳኑን ጫፍ ገለጥ አድርገው ሰማዩን አዩ። «ላይኛው አገር ጠቁሯል። የቀሩትን እኔ እቆጥራቸዋለሁ፣ ደብተሩን ተይልኝ። ውሃው ሳይመጣ ተሻገሪ።»

ደብተሩን ጭናቸው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።