በማልሞ የሰፋሁት የስኬትቦርድ ጫማ

ከቡሬ የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። አባቴ እስከ መናኸሪያው ሸኝተውኝ፣ ከመኪና ጎማ የሠሩልኝን በረባሶ እግሬ ላይ አጥብቀው አሰሩና «ሱዳን ያድርስህ እንጂ ከዚያ ወዲያ የምትጫማውን አገሩ ያውቃል» አሉኝ። ጫማ ሰፊ ናቸው። በገበያ ቀን ሁሉም ይፈልጋቸዋል፣ በሰርግ ቀን ማንም አይጠራቸውም። ቆዳ ስለምንሠራ «ፋቂ» እያሉ ይንቁናል። ወደ ማንኩሳ ሽማግሌ ልኬ በዚሁ ስም ሲመልሱብኝ፣ ሁለተኛ ወስፌ ላልይዝ ምዬ ወጣሁ።

መተማን በእግሬ ተሻገርኩ፤ ካርቱም ሁለት ዓመት ቆይቼ ስዊድን፣ ማልሞ የምትባል ከተማ ደረስኩ። ብርዱን ምን ብዬ ልንገራችሁ! የሰከላ ደጋ የሐምሌ ቁር እዚህ በጋ ይባላል። ፓንካካ የሚሉት እንጀራ መሳይ ነገር አላቸው፤ በስኳር ይበሉታል፣ ይቅር ይበላቸው።

ሥራ የሚያፈላልገው የመንግሥት ቢሮ ሠራተኛ፣ አንዲት ሴትዮ፣ በአስተርጓሚ «ሙያህ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«አርሳለሁ።»

በመስኮቱ አሻግራ በረዶውን አየችና «የት?» አለች።

ሳላስበው ሳቄ መጣ፤ እውነቱም አብሮ ወጣ። «ጫማ እሰፋለሁ።»

«ታዲያ ይህን ነው የምትደብቀኝ?» ብላ ኤሪክ ወደሚባል ባለሱቅ ላከችኝ።

ኤሪክ የሚሸጠው ስኬትቦርድ ነው፤ አራት ትንንሽ ጎማ ያላት ጣውላ፣ ወጣቶች ቆመውባት የሚነዷትና የሚዘሉባት። ሦስት ጥንድ ጫማ ፊቴ ደረደረና «የትኛው ይሻላል? ለምንስ ቶሎ ይቀደዳሉ?» አለኝ። የጣውላዋ ፊት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ነው፤ ሲዘሉ ጫማውን በትንሿ ጣት በኩል ይፍቀዋል።

እጄን ከትቼ ዳሰስኳቸው። ሸራው ቀላል ነው፣ እግር ላይ ልክክ ይላል፤ ግን ሳምንት አይቆይም። ሶለ ወፍራሙ ተረከዝን ያድናል፣ ግን ፍራሽ ላይ እንደመቆም ነው፤ እግር ጣውላዋን አያውቃትም። ሦስተኛው ላዩ እንደ ከፋይ ያለ ቆዳ ነው፣ ጣቱ ላይ ሁለት ረድፍ ስፌት አለው። መጀመሪያ ይጨመድዳል፣ ሲውል ሲያድር እግርን ይለምዳል፤ ይላጫል እንጂ አይቀደድም።

«ይኸኛው» አልኩት። «ሸራውንም ቢሆን እኔ አቆየዋለሁ።»

ከአሮጌ ቆዳ ቆርጬ ከውስጥ ደርቤ ሰፋሁት። ከወር በኋላ የገዛችው ልጅ ተመለሰች። ላዩ ሸራ አልቋል፣ የኔ ቆዳ እንዳለ ነው። «ማነው የሠራው?» አለች።

«እኔ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። በሕይወቴ ይህንን በሰው ፊት ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

ሥራው በዝቶ ቤቴም መስፋት ጀመርኩ። አከራዬ፣ አንዲት አሮጊት፣ ማስቲሹ ሸቷቸው በሩን አንኳኩ። «ይህ በውሉ ክልክል ነው!» ብለው ሄዱ። በማግስቱ አንድ ቦት ጫማ ታቅፈው መጡ። «ክልከላው እንዳለ ነው። የሟች ባሌን ጫማ ግን እስከ ዓርብ ታደርስልኛለህ?»

ለቤተሰቤ «ቢሮ ነው የምሠራው» ብዬ ነበር። ባለፈው እሑድ ደወልኩ።

«አባባ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ጫማ ነው የምሰፋው።»

«ክሩን በሰም ታሸዋለህ?» አሉኝ።

«አሸዋለሁ።»

«ሰዎቹስ ምን ይሉሃል?»

«በስሜ ነው የሚጠሩኝ። ቡሬ መጥቼ ከእርስዎ ጋር ሱቅ ብንከፍትስ?»

«ተው ልጄ። ሰው ካሉህ ዘንድ ክበር» አሉና ስልኩን ለእናቴ አቀበሉ።

እናቴ ስለ ጤናዬ ትጠይቀኛለች፤ እኔ «ደኅና ነኝ» እላለሁ። እኔ ግን መከበር የምፈልገው እዚያው፣ አባቴ አጠገብ ነበር።