በነጻ ተሰናብተዋል

ጋሽ አሳምነው አሰላ ውስጥ የአንድ ገብስ መጋዘን ዘበኛ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት በር ሲጠብቁ ሰውንም አብረው ጠበቁ። ሹፌር ከሳቀላቸው «ምን ሸሽጎ ነው?» ይላሉ፤ ሚስታቸው ውድነሽ ወጡን ካጣፈጠችው «ደግሞ ምን ልትጠይቀኝ ነው?» ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ሃይማኖታቸው ይቺ ናት።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ዞረና ራሳቸው ተጠረጠሩ። ዐሥራ አንድ ኩንታል ገብስ ጎደለ ተብሎ ተከሰሱ፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቀመጠባቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው ሌባ ተብሎ መባረር! ሦስት ሳምንት እህል አልወርድ አላቸው።

ኮሚቴው ውሳኔ በሰጠበት ቀን ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጥፈው አዳመጡ። ጸሐፊዋ ኦብሴ ታነባለች፤ ዝናቡ ደግሞ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ጥርት ብሎ የተሰማቸው መጨረሻው ብቻ ነበር፦ «...ተሰናብተዋል።»

ቃሉን ሳያውቁት ቀርተው ነው? አምና የሚዛን ሠራተኛው ገብረ መድህን «ተሰናብተሃል» ተብሎ አይደል ዕቃውን ሸክፎ የወጣው!

«አላልኩም? ቀድመው ጨርሰውታል» አሉ በሆዳቸው። ሲያባርሯቸው ቆመው ሊያዩ? ሞተው ነው! እዚያው ወረቀት ለምነው «ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ብለው ጻፉ፤ ፈረሙበትና ከነቁልፉ ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ዘመናይ ጠረጴዛ ላይ ወረወሩት።

«ጋሽ አሳምነው፣ ምን ነካዎት? እኛ እኮ...»

«ገብቶኛል! አያባብሉኝ» ብለው ወጡ።

ኦብሴ በዝናብ ሮጣ የጋሪ ማቆሚያው ጋ ደረሰችባቸው። «ኦቦ አሳምነው፣ ውሳኔዎን ይውሰዱ እንጂ!»

«አንቺም አብረሽ ስትዶልቺ ነበር!»

«ኧረ በፈጣሪ! መጀመሪያ ያንብቡት፣ ከዚያ ይስደቡኝ» አለችና ኪሳቸው ውስጥ ከትታላቸው ተመለሰች።

ቤት ሲደርሱ ውድነሽ ወረቀቱን ዘርግታ አነበበችው። «ጥፋት ስላልተገኘባቸው ከቀረበባቸው ክስ በነጻ ተሰናብተዋል።»

«በነጻ? ካሳ እንኳ ሳይከፍሉኝ?»

«አይ አንተ ሰው! የተሰናበትከው ከክሱ ነው እንጂ ከሥራው መች አሉህ?»

ጋሽ አሳምነው ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። ያን ወረቀት ምን ብለው ጻፉት? እጃቸውን በቆረጠው ኖሮ!

በማግስቱ ገና በጠዋቱ መጋዘኑ በር ላይ ደረሱ። ቁልፋቸውን አንድ ጎረምሳ ወገቡ ላይ አንጠልጥሎታል፤ የዘመናይ የእህት ልጅ ናቲ ነው።

«ማንን ፈልገው ነው፣ አባባ?»

በአንድ ሌሊት! እውነትም የሚጠረጠር ነገር ነበር፤ ለእነ ዘመናይ በሩን የከፈቱላቸው ግን ራሳቸው ጋሽ አሳምነው ናቸው። ኦብሴ ቀና ብላ ሳታያቸው አዲስ ደብዳቤ ሰጠቻቸው። ይኼኛውን ከአናቱ እስከ ማኅተሙ አነበቡት፦ «በገዛ ፈቃድዎ ባቀረቡት ጥያቄ መሠረት ከሥራ ተሰናብተዋል።»