የአባቴ ድንኳንና የመብራት ሳጥኑ

ደብረ ብርሃን ያለው የወላጆቼ ሰፈር መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሁለት የተጫኑ አህዮች ከተገናኙ አንዷ ሰው ግቢ ትገባለች። እኔ የመብራት ሠራተኛ ነኝ። ድሮ አጥርና ሰፊ ግቢ ይፈልግ የነበረው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ዛሬ በጋዝ ታሽጎ ቁም ሳጥን አክሏል። ለእንዲህ ያለ ሰፈር የተሠራ ነው። ክፍት ቦታ ሲፈለግ የተገኘው ግን ከአባቴ በር ፊት ለፊት ብቻ ሆነ።

«ድንኳኔ የት ሊተከል ነው?» አለኝ አባቴ። በሽታ የለበትም፤ ቤተ ክርስቲያን በእግሩ ነው የሚሄደው። ግን ዕድሜውን ሙሉ ለእድሩ የሰው ድንኳን ሲተክል ኖሯል፤ የራሱ ለቅሶ ደግሞ በራሱ በር ላይ እንዲሆን ይፈልጋል። ከአንኮበር የሚመጣ ዘመድ ቤት እየተሳሳተ እንዳይዞር።

«ለድንኳኑስ ቦታው ይበቃል፤ ካስማ መምታት ነው የማይቻለው፤ ከሥር የኤሌክትሪክ ገመድ ተቀብሯል» አልኩት።

«ታዲያ በምን ሊቆም?»

«አሸዋ በተሞላ ጀሪካን ይታሰራል።»

«በጀሪካን! ሞቼ ነው ወይስ ቲማቲም ልሸጥ?»

እናቴ ከጓዳ ሆና «አንተ ሰውዬ፣ ሞተህ ደግሞ ምን አገባህ!» አለችው። እሱ ግን ወደ እኔ ዞሮ ጋዙ ምን እንደሚሠራ ጠየቀኝ። ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ሽቦ ዘሎ ሌላው ላይ እንዳያርፍ ይከለክላል አልኩት።

«እንደ እናትህ ነው በለኛ። እሷ ባትኖር ከስንቱ ጋር በተደባደብኩ።»

እሷን ሲያመሰግን የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሳጥኑ ተተከለ። አባቴም ሁዳዴን ሙሉ አኮረፈኝ፤ አጠገቡ ተቀምጬ እናቴን «ጨው እንዲያቀብለኝ ንገሪው» ይላታል።

ከፋሲካ በኋላ እናቴ ታመመች፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። የእሷ ድንኳን የት ይተከል ብሎ የተጨነቀ አልነበረም። እድርተኛው ጀሪካኖቹን አሸዋ ሞልቶ ድንኳኑን ከሳጥኑ አጠገብ አቆመ። አባቴ አይቶ ገብቶ ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ መጣ። አንዱ ጀሪካን ተጎተተ፣ ድንኳኑ በአንድ ወገን ተነሣ። ማንም ሳይቀድመው አባቴ ብድግ ብሎ ገመዱን ያዘ።

«ኧረ አባባ፣ እርስዎ ሐዘንተኛ ነዎት፤ ይቀመጡ!» አሉት ጎረቤቶች። እኔም ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ።

«ተዉኝ» አለ፤ «ይቺን እንኳ ልያዝላት።»

ለቀስተኛው ሁሉ እስኪሄድ ገመዱን እንደያዘ ቆመ።