የእትዬ ሰርካዲስ ሙሴ ስንት ያወጣል?

ሚዛን ተፈሪ ገበያ ዳር፣ ከአንድ ጫማ ሻጭ አጠገብ፣ ስፋቷ ከቁም ሳጥን እምብዛም የማይበልጥ ሱቅ አለች። የሰዓት ጠጋኙ የአሕመዲን ናት። አባቱ ከስልጤ ጨርቅ ሊነግዱ መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ እሱ ደግሞ ጨርቅ መለካት ሰልችቶት ሰዓት መፍታት ያዘ። ድሮ የከተማውን መምህራንና ሹማምንት ሰዓት ፈትቶ የሚገጥም እሱ ነበር። ዛሬ ሰው ሰዓቱን ከስልኩ ስለሚያይ ሥራው ባትሪ መቀየርና ማሰሪያ ማሳጠር ሆኗል። እጁ ሥራ ሲፈታ አፉ ሥራ አገኘ። ዝናቡም ይሁን ቡናው፣ የሰው ትዳርም ሳይቀር፣ ፍርድ የማይሰጥበት ነገር የለም። «አላውቅም» ሲል የሰማው ሰው አልተገኘም።

አምና ሐምሌ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ዝናቡ ጋብ እንዳለ፣ እትዬ ሰርካዲስ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው እያለከለኩ መጡ። እትዬ ሰርካዲስ በጡረታ የተገለሉ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናቸው።

«ምን ሆኑ እትዬ?»

«አትጠይቀኝ! ባጃጁ ጤና ጣቢያ ወስዶኝ ነው የቆየሁት።»

«አመምዎት እንዴ?»

«እኔን ሳይሆን ይሄን!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለባጃጁ ከጋቢው ጫፍ ትንሽ እጅ ብቅ ብላ ሲያይ የታመመ ሕፃን የያዙ መሰለው። የት እንደሚሄዱ እንኳ ሳይጠይቅ፣ ጥሩምባውን እያንባረቀ ጤና ጣቢያ በር ላይ አወረዳቸው። ነርሷ ሮጣ መጥታ «ዕድሜው ስንት ነው?» ስትላቸው በድንጋጤ «መቶ ዓመት አልፎታል ይላሉ» አሉ። ነርሷም ሕፃኑን ትታ የእሳቸውን ደም ግፊት መለካት ጀመረች።

ጋቢው ሲገለጥ ክንድ የሚያህል፣ ወርቅ የመሰለ የጠረጴዛ ሰዓት ወጣ። ከአናቱ ላይ የአንድ ሰውዬ ምስል ተቀምጧል፤ ላባ የተሰካበት ባርኔጣ ደፍቶ፣ ጭኑ ላይ የተጣበቀ ሱሪ ለብሶ፣ ጎራዴ ታጥቆ፣ አንድ እጁን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግቷል።

የእትዬ ሰርካዲስ አባት አቶ እንድርያስ በቴፒ በኩል የአንድ ቡና እርሻ መጋዘን ጠባቂ ነበሩ። የእርሻው መካኒክ ፈረንሳዊ ነበርና አገሩ ሲገባ ሰዓቱን ትቶላቸው ሄደ። መካኒኩን ሁሉም በፈረንሳይኛው «ሙሴ»፣ «አቶ» እንደማለት፣ ይለው ስለነበር ስሙ ለሰዓቱ ተረፈ። ጎረቤታቸው እማማ ዓለምሸት ግን ነቢዩ ሙሴ መስሏቸው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በገቡ ቁጥር እጅ ይነሱታል። አንድ ሰው «ታዲያ በትሩ የት አለ?» ቢላቸው፣ «ባሕሩን ከከፈለ በኋላ ምን ይሠራለታል!» ብለው አሳፈሩት።

በዚያ ሰሞን ታዲያ የእትዬ እህት ልጅ ማራናታ ይህን የመሰለ የፈረንሳይ ሰዓት በመኪና ዋጋ ሲሸጥ በስልኳ አየች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለም።

«በል አሕመዲን፣ ስንት እንደሚያወጣ ንገረኝ» አሉ እትዬ።

አሕመዲን ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰካ። በዘመኑ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ግን ጫማ ሻጩም፣ ደንበኞቹም፣ ዝናብ የተጠለለውም ሁሉ ተሰብስቦ አፉን ይጠብቃል።

«ይሄማ ንጹሕ ወርቅ ነው!» አለ። «አራት መቶ ዓመት ሞልቶታል። የተቀመጠው የፈረንሳይ ንጉሥ ነው።»

«የትኛው ንጉሥ?» አለ ጫማ ሻጩ።

«ሰዓት የሚወደው።»

እትዬ ሰዓቱን ለምርመራ አስቀምጠው ሄዱ። ወሬው ግን ቀድሟቸው ዘመዶቻቸው ያሉበት ሸዋ ቤንች ወረዳ ደርሶ ኖሮ፣ በማግሥቱ ጠዋት አሥራ አንድ ዘመድ ቤታቸውን ሞላው። ከመካከላቸው የእትዬ ባል ወንድም አቶ አስረስ ዱላ ይዞ መጣና «ለወርቁ ጥበቃ» ብሎ የአሕመዲን ሱቅ በር ላይ ተተከለ። ባትሪ ሊያስቀይር የመጣን ሰው ሁሉ መታወቂያ ይጠይቃል። የደፈረ ደንበኛ አልተገኘም።

አሕመዲን የሰዓቱን ጀርባ ከፈተ። ከውስጡ የተርብ ጎጆ፣ ሦስት ፍሬ ቡናና አንድ የሕፃን ጥርስ ወጣ። ጠራርጎ ሲያበቃ ማሽኑ ላይ በፈረንጅ ፊደል «ፓሪስ» የሚል ማኅተምና 4713 የሚል ቁጥር አየ። ከዚህ በላይ የሚያውቀው አልነበረም። የሰዓት ሥራ ወዳስተማሩት፣ መርካቶ ወዳሉት ወደ አቶ ይስሐቅ ፎቶ ልኮ ደወለ።

«ጋሼ፣ አንድ እዚህ ያለ ሰዓት ጠጋኝ ግራ ገብቶት ነው።»

«ለዚያ ጠጋኝ ንገረው» አሉ አቶ ይስሐቅ፤ «ከሥሩ፣ ሰው የማያየው ቦታ ላይ በመርፌ ጫር ያድርገው። ቢጫ ከወጣ ነሐስ ነው፤ ግራጫ ከወጣ ርካሹ ዚንክ። ከዚያ የሚወዛወዘውን ፔንዱለሙን ይፈልግ። የማሽኑ ቁጥር እሱም ላይ ካለ አብረው የተሠሩ ናቸው፤ ያኔ ዋጋ አለው።»

አሕመዲን ሙሴን ጠረጴዛ ሥር ይዞት ገብቶ መጫር ጀመረ።

«ምን እያደረግከው ነው?» አለ አስረስ ከውጭ።

«ጥፍሩን እየቆረጥኩለት ነው!»

ግራጫ ወጣ። አሕመዲን እዚያው ጠረጴዛ ሥር ቁጭ አለ።

የቀረችው ተስፋ ፔንዱለሙ ነው። እትዬ ዘንድ ደወለ።

«ክብ ነገር፣ ነሐስ፣ ከላዩ ቀጭን ዘንግ ያለው?» አላቸው። እትዬ ጮኹ፤ «ወይኔ! የሽንት ቤቱ ቁልፍ ማንጠልጠያ!»

ቁልፉ እንዳይጠፋ ብለው ካሰሩበት ዘመን ሆኖታል። ችግሩ በዚያ ሰዓት አንድ አጎት ይዞት ገብቷል፤ አጎትየው ደግሞ የሚቸኩል ሰው አይደለም። ማራናታ ግማሽ ሰዓት በር ላይ ቆማ ተቀበለችው፣ ሦስት ጊዜ በሳሙና አጥባ በባጃጅ አመጣችው። አሕመዲን ዘንጉን አዙሮ አየ። 4713!

ሐሙስ ዕለት ዘመዱ ሁሉ እትዬን አጅቦ ሱቁ ደጃፍ ተሰበሰበ። አሕመዲን ጉሮሮውን ጠረገ። መዋሸት ይችል ነበር፤ የእትዬን ፊት ሲያይ ግን አንደበቱ እምቢ አለው።

«ተሳስቻለሁ» አለ። «ወርቁ ቅብ ነው። ውስጡ ዚንክ ነው፤ የቤታችን ቆርቆሮ ዘመድ። አስተማሪዬ እንደሚሉት ዕድሜው መቶ ሠላሳ ዓመት ግድም ነው። ሰውዬውን አላውቀውም፤ ንጉሥ ግን አይመስለኝም። ማሽኑ ጥሩ ነው፣ ፔንዱለሙም የራሱ ነው። መርካቶ ቢሸጥ አንድ ደህና ፍሪጅ ይገዛል።»

አስረስ ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ፍሪጅ ለአሥራ አንድ ሰው እንዴት ይካፈላል?»

አንዱ ዝናብ ሳይመጣ ልሂድ አለ፣ ሌላው ላሚቱ ትዝ አለችው። ከቀትር በፊት አንድም ዘመድ አልቀረም። አሕመዲን ስድቡን አጎንብሶ ሲጠብቅ እትዬ እጁን ጨብጠው ሳሙት።

«እግዜር ይስጥህ! በሁለት ቀን የወር ጤፌን ጨርሰውብኝ ነበር። አልሸጠውም፤ ፍሪጅ አለኝ። ብቻ አስነሳልኝ።»

ማሽኑን አጥቦና ዘይት ቀብቶ ለመግጠም አንድ ሳምንት ፈጀበት። በዚህ ሁሉ ቀን አፉን አልከፈተም፤ ጫማ ሻጩ አሞት እንደሆነ ጠየቀው። እትዬ ሊወስዱት ሲመጡ ሙሴ ቀጭ ቀጭ ይል ነበር።

«ሦስት ሰዓት ከሃያ ነው የሚለው» አሉ እትዬ ገርሟቸው። «አሁን እኮ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ነው።»

«ፈረንሳዊ ስለሆነ በፈረንጅ ሞልቼው ነው።»

«ሃምሳ ዓመት እኛ ቤት ኖሮ በፈረንጅ ይቆጥራል? በእኛ አድርገው!»

እንዲህ ያለ ሰዓት ዝም ብሎ አይዞርም፤ እያንዳንዷን ሰዓትና ግማሽ ሰዓት እያቆሙ ማስደወል ያስፈልጋል። አሕመዲን የደቂቃ ቆጣሪውን በጣቱ እየገፋ ዘጠኝ ከሃያ እስኪል አስደወለው፣ አርባ አምስት ጊዜ። ጫማ ሻጩ አንድ ደንበኛውን ጫማ በአንድ እግሩ ብቻ አስለክቶ ትቶት፣ ከደጅ ጮክ ብሎ ይቆጥር ነበር።