የእትዬ ጭልፋ ምላስ

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ዋና አብሳይ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰዓት አይታ በልታ አታውቅም ነበር። ድስት ስትጥድ ትቀምሳለች፣ ሲፈላ ትቀምሳለች፣ ሲወርድ ትቀምሳለች፤ ከዚያ «እስቲ የታችኛውን ልየው» ብላ ጭልፋውን ትደግማለች። አራት ሰዓት ሲሆን ጠግባለች። የምሳ ሰልፍ ሲጀመር ኩሽና ውስጥ ተቀምጣ እግሯን ታሻለች። ሠራተኛው «እትዬ ጭልፋ» ያላት ለስድብ አይደለም፤ ከሥራ አስኪያጁ ይልቅ እሷን ያምን ነበር። ሥራ አስኪያጅ ይቀያየራል፣ የእሷ ሾርባ ግን ያው ነው።

ከዚያ ደም ግፊቷ ከፍ አለ። ሐኪሙ ወረቀት ሰጣት። ጨው የለም፣ ቅባት የለም፣ ከሰባት ሰዓት በፊትና ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ምንም የለም፤ ይህም ለሦስት ወር። ወረቀቱን አይቼዋለሁ። ከላይ እስከ ታች ክልከላ ነው፤ ግርጌው ላይ የተቀቀለ ካሮት በምሕረት ተፈቅዷል።

እትዬ ጭልፋ ሕግ አክባሪ ናት። ወረቀቱን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው፤ ባሏም ማንም ሳያማክረው አብሯት ተከለከለ። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ቀሚሷ ሰፋት። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሕክምና መሆኑ ቀርቶ ሃይማኖት ሆነ። ሦስቱ ወር ሲያልቅ ሐኪሙ «ግፊትዎ ወርዷል፤ አሁን በመጠኑ ጨው ይጀምሩ፣ ቁርስም ይብሉ» አላት። ለባሏ የነገረችው የመጀመሪያዋን ግማሽ ብቻ ነው።

«ጠዋት የሚበላ ሰው ራሱን መግዛት ያቃተው ነው» ማለትም ጀመረች። ይህን የምትለው ቁርስን ከምሳ ለይታ የማታውቅ የነበረች ሴት ናት።

ችግሩ ሾርባው የሚወጣው ስድስት ተኩል ላይ መሆኑ ነው። ከሰባት በፊት መዋጥ ክልክል ስለሆነ በምላሷ ጫፍ ነካ አድርጋ እንትፍ ትላለች። ፍርዷም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ጨው በዝቷል።» በማግስቱ ይቀነሳል። ያም ሆኖ ፍርዷ ያው «በዝቷል» ነው። ድንች ላጯ ረዳቷ አንድ ቀን ደፍራ «እትዬ፣ ትንሽ አልጎደለውም?» ብትላት፣ «ምላስሽ በጨው ደንዝዟል፣ የኔ ልጅ» ተባለች። ከዚያ በኋላ ድንቿን ብቻ ላጠች።

አንድ ማክሰኞ እትዬ ጭልፋ በልኳ ያስጠበበችውን ቀሚስ ለብሳ፣ ልክ በሰባት ሰዓት ሳህኗን ይዛ ወደ ምግብ አዳራሹ ወጣች። ሰው ይያት ብላ ነው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከሠራተኛው ጋር ምሳ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነበር።

ፊት ለፊቷ ያለው መካኒክ አላያትም። ከቱታው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፣ ፈታው፣ ሾርባው ላይ ነሰነሰ፣ አጥፎ መለሰው። አጠገቡ ያለችው ክር ፈታይ ከጡት መያዣዋ ትንሽ ብልቃጥ መዘዘች። ከእሷ ቀጥሎ ያለው በላስቲክ ቋጥሮ ነው ያመጣው። ዓይኗ በየጠረጴዛው ዞረ፤ በየጠረጴዛው ያው ነው።

ማንኪያዋ አፏ ሳይደርስ ቆመ።

«ምንድን ነው እሱ?»

መካኒኩ ቀና አለ። «ምንም እትዬ፣ ለጨጓራዬ የታዘዘልኝ ነው።»

«ለአዳራሹ በሙሉ ነው ያዘዙት?»

ማንም አልሳቀም። ፈታይዋ ብልቃጧን ጨብጣ «ሁለት ወር አለፈን» አለች። «እርስዎ ታመው ነበር፣ እንዳይከፋዎት ተባባልን።»

ስድብ ቢሆን መልስ ነበራት፤ ለስድብ ምላሷ ጤነኛ ነው። ያዘኑላት ሰዎች ፊት ግን ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሦስት መቶ ሰው ጨው በኪሱ እየያዘ ፋብሪካ ሲገባ፣ እሷ ኩሽና ውስጥ ወገቧን ትለካ ነበር።

መካኒኩን ክንዱን ይዛ ኩሽና አስገባችው። ለሁለተኛው ፈረቃ የተጣደው ድስት ይፈላል። ጨው በኩባያ ቀድታ ጨመረች፣ አማሰለች፣ አቀመሰችው።

«ገና ነው።»

ሌላ ኩባያ።

«ገና ነው እትዬ።»

በሦስተኛው ዓይኑን ጨፈነ። «ይሄ ነው። ይሄ የእርስዎ ነው።»

እሷም ጭልፋውን አንስታ እንደ ድሮዋ ሞልታ ቀመሰች፣ ዋጠችም። እንባዋ መጣ። ምሬት ነው እንጂ ሾርባ አልመስልሽ አላት። ሃያ ሁለት ዓመት በገዛ እጇ ያበሰለችውን አላወቀችውም።

«የኔ?» አለች።

«የእርስዎ» አለ መካኒኩ።

ጭልፋውን ለድንች ላጯ ዘረጋችላት። «ከነገ ጀምሮ አንቺ ቅመሺ። እኔ ምላስ የለኝም።»

ድንች ላጯ እጇን በሽርጧ ጠረገች እንጂ አልተቀበለችም።

«ይልቅ ቁርስ ይብሉ፣ እትዬ» አለች።